ምዕራፍ ስድስት፦ ሥርዓቱ ይመሳሰል፣ ሰዎቹ ይለዩ

እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2021 ብዙ የፊልም ማሰራጫው የኤችቢኦ ማክስ ደንበኞች ያልጠበቁት ኢሜይል ደረሳቸው። ርዕሱ የመጀመሪያው የማቀናጃ ሙከራ ኢሜይል እንደሆነ ይገልጻል፤ ውስጡ ያለው ደግሞ ቅጹ ለሙከራ ብቻ እንደሚያገለግል የምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ድርጅቱ ወዲያው በትዊተር ገጹ ይቅርታ ጠየቀ፤ ባዶ የሙከራ ኢሜይል ለተወሰኑ ደንበኞቹ በስህተት መላኩን አመነ፤ ስህተቱ ከአንድ የሥራ ልምምድ ላይ ካለ ሰው እጅ መውጣቱንም ጠቆመ። በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ለዚያ ሰው የማበረታቻ ቃል ጻፉ፤ ደግም አደረጉ። ይሁንና መመርመር ያለበት ጥያቄ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ለሙከራ የተጻፈ ፕሮግራም የእውነተኛ ሰዎችን አድራሻ ከየት አገኘ? መልእክቱን እስከ ቤታቸው የሚያደርስበትን መንገድስ ማን ከፈተለት? አንድ ጀማሪ ሠራተኛ በአንድ ትእዛዝ ብዙ ሰው ዘንድ መድረስ ከቻለ፣ ጉድለቱ ሰውየው ከመቀጠሩ በፊት በሥርዓቱ አደረጃጀት ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚመለከተው የደንበኛ ዳታ ፕላትፎርም የሚባለውን ሥርዓት ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው የግብይት ቴክኖሎጂ አማካሪው ዴቪድ ራብ ሲሆን፣ ዘርፉ ምን ያህል እንዳደገ ለማየት ትዊሊዮ እ.ኤ.አ. በ2020 ሴግመንት የተባለውን ኩባንያ በ3.2 ቢሊዮን ዶላር መግዛቱን ማስታወስ ይበቃል። ፕላትፎርሙ ሦስት ሥራዎች አሉት። መጀመሪያ ከሞባይል መተግበሪያው፣ ከድረ ገጹ፣ ከጥሪ ማዕከሉና ከቅርንጫፉ የሚመጣውን የደንበኛ መረጃ ይቀበላል። ቀጥሎ በስልክ ቁጥር፣ በኢሜይል ወይም በሒሳብ ቁጥር እያዛመደ የአንድን ሰው የተበታተነ መረጃ ወደ አንድ መዝገብ ያዋህዳል። በመጨረሻም የተዋሐደውን መዝገብ ለአጭር መልእክት መላኪያው፣ ለማስታወቂያ ክፍሉ፣ ለብድር ገምጋሚው፣ ለሌሎችም ያከፋፍላል። የሒሳብ መዝገብ ላይ የገባ ስህተት በማስተካከያ ምዝገባ ሊቃና ይችላል። ሁለት ሰዎችን አንድ አድርጎ ያዋሐደን መዝገብ መልሶ መለያየት ግን እጅግ አድካሚ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ስልክ የደረሰን መልእክት ደግሞ ማንም መልሶ ሊሰበስበው አይችልም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ድርጅት ቢያንስ ሁለት አካባቢዎች ያዘጋጃል። አንዱ ባለሙያዎች አዲስ ነገር የሚሞክሩበት ቴስት ነው፤ ሌላው ደንበኛው የሚገለገልበት ፕሮዳክሽን ነው። ሁለት አካባቢ ያስፈልጋል በሚለው የሚከራከር ብዙ ሰው የለም። ክርክሩ የሚነሳው ሁለቱ በምን ይመሳሰሉ፣ በምንስ ይለያዩ የተባለ እንደሆነ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ አሠራራቸው፣ ደንባቸውና ቅንብራቸው በተቻለ መጠን አንድ ይሁን፤ በውስጣቸው ያሉት ሰዎችና ወደ ውጭ የሚያስወጧቸው በሮች ግን ጨርሶ አይገናኙ። አደጋ የሚደርሰው ይህ ሲገለበጥ ነው። ቴስቱ ከተሠራ በኋላ ማንም ሳያድሰው ከፕሮዳክሽኑ እየራቀ ይሄዳል፤ መረጃው ግን ከፕሮዳክሽን ተገልብጦ እንዳለ ይገባበታል። ያን ጊዜ መመሳሰል የነበረበት ይለያያል፤ መለየት የነበረበትም አንድ ይሆናል።

ከመጀመሪያው ግማሽ እንጀምር። የብሪታኒያው ቲኤስቢ ባንክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን መረጃ ከቀድሞ ባለቤቱ ሥርዓት ወደ አዲስ ሥርዓት አዛወረ። መረጃው ራሱ በደኅና ተሻገረ። ሥርዓቱ ለደንበኞች በተከፈተ ጊዜ ግን እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ሒሳባቸውን መጠቀም አቃታቸው፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት የተመለሰው በዲሴምበር ነው። በኋላ የወጣው የገለልተኛ መርማሪዎች ሪፖርት ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ ለዚህ ምዕራፍ እንደ ማስረጃ ይበቃል። አዲሱ ሥርዓት የተቀመጠው በሁለት የመረጃ ማዕከሎች ሲሆን፣ የሥርዓቱን ጫና የመሸከም አቅም የፈተሸው ሙከራ የተካሄደው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። ሁለቱ ማዕከሎች አንድ ዓይነት መሆን ሲገባቸው ቅንብራቸው ይለያይ ነበር፤ ያልተፈተሸው ማዕከል ጉድለት የታየው ደንበኞች ከገቡበት በኋላ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ሙከራ የሚናገረው ስለተሞከረው ነገር ብቻ ነው። የተሞከረው ከሚሠራበት ከተለየ ውጤቱ ማስረጃነቱን ያጣል፤ በዚህ ላይ የማይገባ ልበ ሙሉነት ስለሚሰጥ ጭራሽ ካለመሞከር የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

ልዩነቱ ትልቅ መሆን እንደማያስፈልገውም የናይት ካፒታል ታሪክ ያሳያል። ይህ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። አዲሱ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ በሰባቱ ላይ ተጫነ፣ አንደኛው ተዘለለ። በዚያ በተዘለለው ሰርቨር ላይ ለዓመታት ሳይሠራበት የቆየ አሮጌ ኮድ ነቅቶ የማይፈለግ ትእዛዝ ወደ ገበያው ማጉረፍ ያዘ። በደንበኛ ዳታ ፕላትፎርም ላይም ነገሩ ያው ነው። የማዋሐጃ ደንቡ በቴስት ሦስት መስፈርት፣ በፕሮዳክሽን ሁለት መስፈርት ቢኖረው፣ በቴስት ተለይተው የታዩት ሁለት ሰዎች በፕሮዳክሽን አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ቅንብሩ በሰው እጅ በሁለቱም ቦታ ለየብቻ መነካካት የለበትም። በጽሑፍ ተቀምጦ፣ ለውጡ በሁለተኛ ሰው ታይቶ፣ መጀመሪያ ወደ ቴስት፣ ካለፈም ያው ጽሑፍ ሳይለወጥ ወደ ፕሮዳክሽን ይሄዳል። በሁለቱ መካከል የሚለያዩት የአድራሻና የቁልፍ ዝርዝሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አንድ ቦታ ተለይተው ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ፣ ማለትም ወደሚለየው እንሻገር። ቴስት በተፈጥሮው የላላ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ይገባበታል፤ የውጭ አማካሪና ተለማማጅ ይሠራበታል፤ የይለፍ ቃሉ ለብዙዎች ይታደላል፤ ማን ምን እንዳየ የሚመዘግበው መዝገብም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ይህ መላላት ለሥራው ስለሚበጅ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው በእንዲህ ያለ ቦታ የሰው መረጃ ማስቀመጥ፣ ወይም ከዚያ ወደ ዋናው ቤት የሚያስገባ በር መክፈት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ይፋ ያደረገው ጥቃት የተጀመረው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነበር። ሰርጎ ገቦቹ በ2023 ኖቬምበር መጨረሻ የተለመዱ የይለፍ ቃሎችን እየሞከሩ አንድ አሮጌ የሙከራ መለያ ውስጥ ገቡ፤ መለያው የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ አልነበረውም። በሙከራው ቦታ ግን ወደ ኩባንያው ዋና ሥርዓት የመግባት ከፍ ያለ ፈቃድ የያዘ አንድ የሙከራ መተግበሪያ ተረስቶ ነበር። በእሱ በኩል አልፈው የከፍተኛ አመራሮችን ኢሜይል አነበቡ። ከዓለም ትልልቅ የሶፍትዌር ድርጅቶች አንዱ የተደፈረው ማንም እንደ ቁም ነገር ባልቆጠረው ቦታ በኩል ነው።

በሮቹ በሁለቱም አቅጣጫ ይታያሉ። ወደ ውጭ የሚወጣው በር መልእክት የሚላክበት ነው። ጥሩ አሠራር ያላቸው ሥርዓቶች እዚህ ላይ የሰውን ጥንቃቄ አይጠብቁም። የደንበኛ መረጃ አያያዝ ሥርዓት የሚያቀርበው ሴልስፎርስ የሙከራ ቅጂ ሲፈጠር የተጠቃሚ ሠራተኞቹን የኢሜይል አድራሻ መጨረሻ እንዳይሠራ አድርጎ ይለውጠዋል፤ በአዲስ ቅጂ ላይም ከሥርዓቱ አስፈላጊ ኢሜይሎች በስተቀር መላክ ከመጀመሪያው ዝግ ነው። የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎችም እ.ኤ.አ. በ1999 ለሙከራና ለምሳሌ ብቻ የሚያገለግሉ የድረ ገጽ ስሞችን ለይተው አስቀምጠዋል፤ በእነዚህ የተሠራ አድራሻ የማንም አይደለም፤ የተላከበትም መልእክት ሰው ዘንድ አይደርስም። ለአጭር መልእክት ደግሞ ቴስቱ አስቀድመው ከተመዘገቡ ጥቂት የሠራተኞች ስልኮች ውጭ ወደ የትም እንዳይልክ ማድረግ ይቻላል። ወደ ውስጥ የሚገባው በር በተቃራኒው የሙከራ ቆሻሻ ወደ ፕሮዳክሽን የሚሾልክበት ነው። ባለሙያዎች መተግበሪያውን ሲሞክሩ አንድ ዓይነት ስልክ ቁጥር ደጋግመው ያስገባሉ። እነዚያ ምዝገባዎች በፕሮዳክሽን ቁልፍ ከተላኩ ፕላትፎርሙ ቁጥሩን እንደ መለያ ወስዶ ሁሉንም ወደ አንድ ሰው ያዋህዳቸዋል፤ ቁጥሩ የእውነተኛ ሰው ከሆነ ደግሞ ያ ሰው ያላደረገው ታሪክ ባለቤት ይሆናል። በሴግመንት እያንዳንዱ የመረጃ ምንጭ የራሱ መጻፊያ ቁልፍ አለው፤ ለቴስትና ለፕሮዳክሽን የተለያየ ምንጭ መክፈት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለቱ አካባቢዎች ለሰው ዓይንም መለየት አለባቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 የሃዋይ ነዋሪዎች ሚሳኤል እየመጣባቸው እንደሆነ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በስልካቸው ደረሳቸው፤ ሐሰት መሆኑን የሚያስተካክለው መልእክት የደረሳቸው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። ሠራተኛው ልምምዱን እውነተኛ ጥቃት መስሎት ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ባደረገው ምርመራ ሶፍትዌሩ የሙከራውንና የእውነተኛውን ቦታ በግልጽ እንደማይለይ፣ የማረጋገጫ ጥያቄውም በሁለቱም አንድ እንደነበረ፣ ያለ ሁለተኛ ሰው ፈቃድም መልእክቱን መላክ ይቻል እንደነበር ተረጋግጧል። የውስጥ አሠራር ይመሳሰል ሲባል መልኩም ይመሳሰል ማለት አይደለም። የፕሮዳክሽኑ ገጽ ቀለም ይለይ፤ ከመላክ በፊትም ስንት ሰው እንደሚደርሰው በቁጥር ይናገር፤ ብዛቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ሁለተኛ ሰው ያጽድቀው።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው በጣም ብርቱ ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚመጣ ነው። እውነተኛ ችግር የሚገኘው በእውነተኛ መረጃ ውስጥ ብቻ ነው ይላሉ። ተቃውሞው እውነት አለው፤ በእኛ አገር ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። በውጭ አገር የተሠሩ የሐሰት መረጃ ማመንጫዎች የቤተሰብ መጠሪያ ያለው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ የፈረንጅ የልደት ቀን የያዘ ሰው ያመርታሉ። የእኛ ደንበኛ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። ፀሐይ የምትባል ሴት በአንዱ መዝገብ ፀሐይ፣ በሌላው ጸሀይ፣ በሦስተኛው በላቲን ፊደል በሌላ አጻጻፍ ትገኛለች። ስልኳ በዜሮ ዘጠኝ ወይም በ251 ሊጀምር ይችላል፤ ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ደግሞ በዜሮ ሰባት የሚጀምር ሁለተኛ ቁጥር ልትይዝ ትችላለች። ልደቷ ጳጉሜን 6 ከሆነ ቀን መቀየሪያው ሊሳሳት ይችላል። ዋሽንግተን ያለ ወንድሟ በአሜሪካ ቁጥር ተመዝግቦ በእሷ ሒሳብ ገንዘብ ይልካል። በአንድ ስልክ ሦስት የቤተሰብ አባላት የሚጠቀሙበት ቤትም ብዙ ነው። እነዚህን የማያውቅ ሙከራ ምንም አልሞከረም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ እነዚህን ሁሉ አሁን ስዘረዝር የማንንም እውነተኛ ሰው መዝገብ መክፈት አላስፈለገኝም። ችግሩ ያለው በመረጃው ቅርጽ ውስጥ ነው፤ ቅርጹ ከታወቀ ደግሞ ችግሮቹን ሁሉ ሆን ብለው የሚሸከሙ ያልተወለዱ ሰዎችን መፍጠር ይቻላል። እንዲያውም ከፕሮዳክሽን በተገለበጠ መረጃ ውስጥ ጳጉሜን 6 የተወለዱት ጥቂት ስለሚሆኑ ሙከራው ሊስታቸው ይችላል፤ ታስቦ በተፈጠረው ውስጥ ግን የምንፈልገውን ያህል ይኖራሉ። አዲስ ዓይነት ችግር በፕሮዳክሽን ሲገኝም ቅርጹ ብቻ ተወስዶ በፈጠራ ሰው ስም ወደ ሙከራው ስብስብ ይጨመራል፤ ስብስቡም በዚህ መንገድ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ እውነተኛውን መረጃ ስምና ስልኩን ሸፍነን ብንጠቀምስ የሚል ነው። ስም መሸፈን ከምንም ይሻላል፤ ግን የሚታሰበውን ያህል አይሸፍንም። የአሜሪካዋ ተመራማሪ ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበችው ጥናት 87 በመቶ የሚሆነው የአገሪቱ ሕዝብ በልደት ቀን፣ በጾታና በመኖሪያ አካባቢ የፖስታ ቁጥር ብቻ ከሌላው ሊለይ እንደሚችል አስልታለች። የደንበኛ ዳታ ፕላትፎርም ደግሞ ከእነዚህ ከሦስቱ እጅግ የበለጠ ይይዛል፤ የት እንደሄደ፣ ምን እንደገዛ፣ በስንት ሰዓት እንደከፈለ፣ ለማን እንደላከ። የአንድን ሰው የስድስት ወር እንቅስቃሴ ይዞ ስሙን ብቻ መሰረዝ ለሚያውቀው ጎረቤት ምንም አልደበቀም። ፕላትፎርሙ የተሠራው የተበታተነ ምልክት ሰብስቦ ሰውን ለይቶ ለማወቅ ነው፤ ስለዚህ የተሸፈነን መረጃ ለመግለጥ የተሻለ መሣሪያ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ሌሎች ደግሞ የሶፍትዌር ድርጅቱን የጊትላብን ታሪክ ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ የድርጅቱ መሐንዲስ ሁለተኛውን ሰርቨር የሚነካ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር ሰረዘ። የመጠባበቂያ ዘዴዎቹ አንድ በአንድ ሲፈተሹ አስተማማኝ ሆኖ የተገኘ አልነበረም። ድርጅቱን ያዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሙከራ አካባቢው ተብሎ የተወሰደ ቅጂ ነው። ታዲያ እውነተኛ መረጃ በሙከራ መኖሩ ጠቀመ አይባልም? ጠቅሟል፤ የጠቀመው ግን በአጋጣሚ ነው። ታሪኩ የሚያረጋግጠው መጠባበቂያ እንደሚያስፈልግና ሳይሞከር እንደማይታመን ነው። መጠባበቂያ የፕሮዳክሽን አካል ስለሆነ በፕሮዳክሽን ጥበቃ ሥር ይቀመጣል፤ መልሶ መነሳቱም በየጊዜው ይፈተሻል። ያን ሥራ በላላ ጥበቃ ለሚኖር ቅጂ አደራ መስጠት መጠባበቂያውንም ጥበቃውንም ማጣት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቃውሞ ከዘመኑ አሠራር ይነሳል፦ ምንም ቢደረግ ፕሮዳክሽን ውስጥ ብቻ የሚታይ ችግር አለና የመጨረሻው ሙከራ እዚያው ይሁን። እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር እስማማለሁ፤ ልዩነታችን በአኳኋኑ ነው። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል፤ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ብሔራዊ ባንክ ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ በተደረገ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ እክል መሆኑን አስታወቀ። በሥራ ላይ ያለ ሥርዓት ሲነካ ስህተቱ በሰዓታት ውስጥ እስከ የት እንደሚደርስ አገር ሁሉ አይቷል። በፕሮዳክሽን የሚደረግ ሙከራ እንግዲህ ሦስት ነገሮች ተሟልተውለት ይሁን። ለውጡ መጀመሪያ ለድርጅቱ ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ከመቶ ደንበኞች ለአንዱ ይከፈት፤ ከተወሰነ መጠን ያለፈ እንቅስቃሴ ሲታይ ያለ ሰው ትእዛዝ ራሱ ይቁም፤ ወደ ቀድሞው አሠራር የሚመለስበት መንገድም አስቀድሞ የተሞከረ ይሁን። እነዚህን ያሟላ ሙከራ የቴስቱን ሥራ ይፈጽማል እንጂ አይተካውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ወጪ ነው። አነስተኛ ድርጅት ሁለት ሙሉ ሥርዓት ማቆም አይችልም ይባላል። ነገር ግን መመሳሰል ያለበት አሠራሩ እንጂ መጠኑ አይደለም። ፕሮዳክሽኑ ሦስት ሚሊዮን መዝገብ ቢኖረው፣ ማዋሐጃ ደንቡን ለመፈተሽ በጥንቃቄ የተፈጠሩ ሁለት ሺህ ሰዎች ሊበቁ ይችላሉ፤ የጫና ሙከራ ሲያስፈልግ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ሰፋ ያለ ሥርዓት አቁሞ ማፍረስ ይቻላል። ውድ የሚሆነው የፕሮዳክሽንን መረጃ በሙሉ እየገለበጡ ማኖሩ ነው፤ የማከማቻው ኪራይ፣ የጥበቃው ድካም፣ ሲያፈተልክም ኃላፊነቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ኃላፊነቱ አሁን ሕግም ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የግል መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀና ለተገለጸ ዓላማ እንዲሆን ያዛሉ። ብድር ለመጠየቅ ስልኳን የሰጠች ነጋዴ፣ ቁጥሯ የአዲስ ፕሮግራም መሞከሪያ እንዲሆን አልተስማማችም። ከሕጉ በፊትም ቢሆን ይህ የአደራ ጉዳይ ነበር፤ የተቀበሉትን ለተቀበሉበት ነገር ብቻ ማዋል። ስለዚህ የአንድ ድርጅት ኃላፊ ቴክኒኩን ሳያውቅም ለባለሙያዎቹ ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ማቅረብም አለበት። በቴስት ውስጥ አንድ እንኳ እውነተኛ ደንበኛ አለን? ከቴስት ተነስቶ ወደ ደንበኛ ስልክ ወይም ወደ ፕሮዳክሽን የሚደርስ መንገድ አለን? በቴስት ያለፈውና ዛሬ በፕሮዳክሽን የሚሠራው ቅንብር አንድ መሆኑን በምን እናረጋግጣለን? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ «የለም»፣ የሦስተኛው ደግሞ በእጅ የሚታይ ማስረጃ እስኪሆን ድረስ፣ ሁለት አካባቢ አለን ማለት ገና ያልተፈጸመ ሥራን እንደተፈጸመ መቁጠር ነው።